የስድስት ወሩ ቅጽ የማያሳየው

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ከጎጃም የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሚገናኙ በዚህ እትም አብረን አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው የአማካሪ፣ ሁለተኛው የተማሪ፣ ሦስተኛው ደግሞ የተማሪ ባለቤት ደብዳቤ ነው። ሦስቱም የሦስተኛ ዲግሪ ምርምር ምን ላይ እንደደረሰ ማን፣ መቼና በምን መንገድ ሊያውቅ እንደሚገባ ይጠይቃሉ። የጸሐፊዎቹን ስም በጥያቄያቸው መሠረት ትተነዋል።

ጥያቄ አንድ፤ ከባሕር ዳር

«ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ የግብርና መምህርና ተመራማሪ ነኝ፤ በአሁኑ ጊዜ የስድስት የዶክትሬት ተማሪዎች ዋና አማካሪ ሆኜ እሠራለሁ። ከስድስቱ አንዱ በጎጃም ደጋ የአፈር አሲዳማነት ላይ የሚያጠና ሲሆን ፕሮፖዛሉን በጥሩ ሁኔታ ካስጸደቀ በኋላ ድምፁ ጠፋብኝ። እነሆ አምስት ወር ሊሞላው ነው። ስደውልለት «በዚህ ሳምንት እመጣለሁ» ይላል፤ ነገር ግን አይመጣም። የስድስት ወሩን የሂደት ሪፖርት ግን በጊዜው ልኮልኛል፤ «ሥራው ስድሳ በመቶ ተጠናቋል» ይላል። እኔም ፈርሜ ለድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቱ አስተላልፌዋለሁ። ከፈረምሁ በኋላ ግን ኅሊናዬ ዕረፍት አጣ። ተማሪዎቼ ትዳር የያዙ፣ ራሳቸውም መምህራን የሆኑ ሰዎች ስለሆኑ እንደ ሕፃን ልቆጣጠራቸው አልወድም። ሳይቆጣጠሩ መከታተል እንዴት ይቻላል?»

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ኅሊናዎ ዕረፍት ያጣው በበቂ ምክንያት ስለሆነ ከፊርማው እንጀምር። «ስድሳ በመቶ» የሚለው ቁጥር የሚለካው ነገር የለም። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው የቀረ ቤት ስድሳ በመቶ አልቋል ቢባል አላፊ አግዳሚው አይቶ ሊስማማ ወይም ሊከራከር ይችላል፤ የምርምር ግድግዳ ግን ከውጭ አይታይም። መጠይቁን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ገጽ ያልጻፈ ተማሪ ራሱን ሰማንያ በመቶ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ሁለት ምዕራፍ የጻፈውና ውጤቱ እንደጠበቀው ያልሆነለት ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ሃያ በመቶ ይላል፤ ወደ ፍጻሜው የቀረበው ግን ሁለተኛው ነው። ከእንግዲህ በቅጹ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያዩ «ከምኑ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱም በእጅ የሚያዝ ነገር ይሁን፤ የተሞላ የመስክ መዝገብ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የተተነተነ ሠንጠረዥ፣ የተጻፈ ምዕራፍ ወይም ለጆርናል የተላከ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ «በዚህ ስድስት ወር በእጅ የገባ ነገር የለም» ብሎ መጻፍ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ባልታየ ሥራ ላይ መፈረም ነው። ይህን የምለው እኔም በሥራ ዘመኔ ያላየሁትን ሥራ «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብዬ የፈረምሁ ሰው ስለሆንሁ ነው።

ቁጥጥርንና ክትትልን የሚለየው ምን እንደሆነ ጠይቀዋል። የሚኖሩበት አገር ጎጃም ዩኒቨርሲቲ ከመከፈቱ ከብዙ ዘመን በፊት ይህን ያውቀው ነበር። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በደብረ ኤልያስና በዲማ የቅኔ ጉባኤያት ተማሪው ቀን ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲደርስ፣ ይውልና ማታ የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም ለረዳታቸው ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ስሕተቱም ሳያድር ይታረማል። ጀማሪው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል። የኔታ ተማሪው ቀኑን በየትኛው ዛፍ ጥላ ሥር እንዳሳለፈ አይከታተሉም፤ ማታ ይዞት የመጣውን ግን በጆሯቸው ይሰማሉ። ስንት በመቶ ደረስህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የተቆጠረው ቅኔ ራሱ ደረጃውን ይናገራል። ሰውየውን ትተው ሥራውን መከታተል የሚባለው ይህ ነው።

ንጽጽሩ ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። ጉባኤ ቃና በአንድ ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን ያልቃል፤ ምርምር ግን ወራት ፈጅቶም ለሰው የሚነገር ነገር ላይኖረው ይችላል፤ ይህም ሁልጊዜ የስንፍና ምልክት አይደለም። ስለዚህ የአማካሪው የመጀመሪያ ሥራ ማታ ማታ የሚነገር ነገር መፍጠር ነው። ከእያንዳንዱ ተማሪ ጋር የማይሰረዝ ቀን ይቁረጡ፤ መስክ ላይ ላለው በወር አንድ ጊዜ፣ በጽሑፍ ላይ ላለው በየሁለት ሳምንቱ ይበቃል። ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ይላክልዎ። ገጾቹ ያልታረሙ፣ ያልተሟሉ፣ ገና ጥያቄ ብቻ የያዙም ቢሆኑ ግድ የለም። የሚላክ ገጽ ያጣ ተማሪም ቢሆን ባዶ እጁን ይምጣ፤ ቀጠሮው የሚሰረዘው በሕመም፣ በለቅሶ ወይም በመንገድ ችግር ብቻ መሆኑን ከመጀመሪያው ይነጋገሩ። ከውይይቱ በኋላ ተማሪው ምን እንደተስማማችሁ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሠራና ምን እንዳገደው የሚናገር ግማሽ ገጽ ቃለ ጉባኤ ጽፎ ይላክልዎ፤ እርስዎም አርመው ወይም «ተስማምቻለሁ» ብለው ይመልሱ። ቃለ ጉባኤውን እርስዎ ሳይሆኑ ተማሪው መጻፉ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የነገሩት ነገር በምን መልክ እንደገባው የሚያሳይዎ ሌላ መስተዋት የለም። «ናሙናውን አሻሽል» ብለው ነግረውት «ናሙናው ጸድቋል» ብሎ ሲጽፍ ካዩ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሊፈጠር የነበረውን ጠብ በአንድ ሳምንት ውስጥ አስቀሩት ማለት ነው።

የአፈር ተመራማሪ ስለሆኑ ሌላም ልጨምር። በብዙ ቦታ የሂደት ሪፖርት የሚሰበሰበው የዩኒቨርሲቲው መንፈቅ ሲዘጋ፣ ማለትም በጥርና በሰኔ አካባቢ ነው። የምርምሩ ዘመን ግን በቢሮ መንፈቅ አይመራም። የእርስዎ ተማሪ የአፈሩን አሲዳማነት ለመቀነስ የኖራ ሙከራ የሚያደርግ ከሆነ ኖራው ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ያህል ቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት፤ ጤፍ በሐምሌ የሚዘራ ከሆነ ይህ ማለት ኖራው በግንቦት መጨረሻ ማሳው ላይ ተገኝቷል ማለት ነው። በግንቦት ኖራ ያላገኘ ተማሪ በሰኔ ሪፖርቱ «ለመስክ ሥራ ዝግጅት ላይ ነኝ» ቢል ቃሉ ሐሰት አይሆንም፤ ነገር ግን አንድ ሙሉ ዓመት አምልጦታል፤ ይህንንም ጽሕፈት ቤቱ የሚያውቀው በጥር ነው። ለእንዲህ ያለ ተማሪ በሚያዝያ የሚደረግ የሃያ ደቂቃ ንግግር ከሁለት ሪፖርት ይበልጣል፤ ኖራው የት ነው? ገበሬው ማሳውን ለመስጠት ተስማምቷል? የመነሻው የአፈር ናሙና ተወስዷል? በጣና ላይ የሚያጠናም እንዲሁ የራሱ ቀጠሮ አለው፤ በክረምት ዕንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች የሚወጡት ዓሦች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እስኪፈረም አይጠብቁም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ተማሪ የዓመት ሥራ በወር ከፍለው፣ «ይህ ቀን ካለፈ ዓመቱ አለፈ» የሚባሉትን ሁለት ወይም ሦስት ቀኖች በቀይ አስምረው ግድግዳዎ ላይ ይስቀሉ። ከስድስት ተማሪ ከአሥራ ስምንት ቀን አይበልጡም።

አሁን ወደ ጠፋው ተማሪ እንመለስ። ከዓመታት በፊት እኔም ፕሮግራም አስተባብር በነበረበት ጊዜ እንዲህ ያለ ተማሪ ነበረኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ሪፖርቱ ሳይጓደል ይመጣ ነበር። ዳንግላ አካባቢ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ከድንኳኑ ውስጥ አየሁት፤ እሱም አይቶኝ ኖሮ በጓሮ በኩል ሊወጣ ሲል ያዝሁት። በመጨረሻ የነገረኝ የአንድ መንፈቅ የመስክ መረጃ የያዘችው ፍላሽ ከመናኸሪያ እንደጠፋችበት ነው፤ ቅጅ አልነበረውም። ያን ቀን ቢነግረኝ ኖሮ የወረቀት መጠይቆቹ ገና በትምህርት ክፍሉ ሳጥን ውስጥ ስለነበሩ በሁለት ወር መልሶ ማስገባት ይቻል ነበር። ዓመት ስላለፈ ግን ሳጥኑ ክፍል ሲቀየር ተጥሏል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ሲባል ሁላችንም የምንወቅሰው ሸሻጊውን ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በጓሮ እንዲወጣ ያደረግሁት እኔ ራሴ ምን ብዬው ነው እያልሁ አስባለሁ።

የዶክትሬት ተማሪ ዝምታ ከስንፍና ይልቅ ከኀፍረት የሚመጣበት ጊዜ ይበዛል። አንዱ ነገር ከተበላሸ በኋላ የዘገየበትን ቀን ያህል ትልቅ ሥራ ይዞ መቅረብ ያለበት ይመስለዋል፤ በዘገየ ቁጥር የሚጠበቅበት ይተልቃል፤ በመጨረሻም ስልኩን ማንሳት ራሱ ይከብደዋል። ስለዚህ ሲደውሉለት «ምዕራፉ የት ደረሰ?» አይበሉት። «ሥራ ሳትይዝ ና፤ ሻይ እንጠጣና ምን እንደገጠመህ ንገረኝ» ይበሉት፤ እሱ ካልቻለም እርስዎ ወዳለበት ይሂዱ። ከተገናኛችሁ በኋላ ደግሞ የፈረሙትን ሪፖርት የሚያስተካክል አጭር ደብዳቤ ሁለታችሁም ፈርማችሁ ለጽሕፈት ቤቱ አስገቡ። እርስዎ ስሕተትዎን በጽሑፍ ሲያርሙ ማየቱ ለእሱ ከምክር ይበልጥበታል።

ነገሩ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልዎ አንድ ቁጥር ልጥቀስ። የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት ዶክትሬት ከጀመሩት ተማሪዎች በአሥር ዓመት ውስጥ የጨረሱት 57 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ በምህንድስና 64 በመቶ፣ በሥነ ሰብእ 49 በመቶ ነበሩ። ገንዘብና ቤተ ሙከራ በሞላበት አገር ይህን ያህል ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የማኅበራዊ ሳይንስ የምርምር ምክር ቤቱ ተማሪዎቻቸው በአራት ዓመት ጽሑፋቸውን በማያስገቡ ተቋማት ላይ ቅጣት ጣለ፤ በጊዜው የሚያስገቡትም ጨመሩ። ርእሶች ጠበቡ ብለው የተቹ ቢኖሩም ከዚያ ልምድ የምወስደው ትምህርት አለ፤ የተማሪው መዘግየት የተማሪው ኃጢአት ብቻ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ አማካሪውም የትምህርት ክፍሉም መጠየቂያ የላቸውም። በአውስትራሊያ የተለመደው አሠራር ደግሞ ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ጽሑፉን ይዞ ከአማካሪዎቹ ውጭ ባሉ መምህራን ፊት ቀርቦ መቀጠሉ የሚጸድቅበት ነው። የእኛ የፕሮፖዛል ውይይት ለዚህ የቀረበ ነው፤ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ግን ብዙውን ጊዜ የአማካሪ ፊርማ ብቻ ያያቸዋል። በትምህርት ክፍልዎ ድምፅ ካለዎት በዓመት አንድ ጊዜ ከሥራው ውጭ የሆኑ ሁለት መምህራን ተማሪውን ለአንድ ሰዓት የሚሰሙበት ሴሚናር እንዲጀመር ይጠይቁ፤ ከዚያ ሰዓት ላይም አሥር ደቂቃው አማካሪው ወጥቶ ተማሪው ብቻውን የሚናገርበት ይሁን።

ጥያቄ ሁለት፤ ከደብረ ማርቆስ

«የሦስተኛ ዓመት የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፤ እያስተማርሁ ነው የምማረው። የጥናቴ ቦታ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኙ ሦስት ወረዳዎች ሲሆኑ በአካባቢው ባለው የጸጥታ ሁኔታ ሁለቱን ወረዳዎች ከዓመት በላይ መግባት አልቻልሁም። ይህን ችግርና የጻፍሁትን ሁለተኛ ምዕራፍ ለዋና አማካሪዬ ከላክሁ ሦስት ወር አልፏል፤ አንድም ቃል አልመለሱልኝም። እንደገና ብጽፍ ያስቆጣቸዋል ብዬ እፈራለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ጊዜዬ እየሄደ ነው። ክትትል የተማሪ ግዴታ ብቻ ነው ወይስ አማካሪም የሚጠየቅበት ነው?»

መልስ

እኅቴ፣ አማካሪም የሚጠየቅበት ነው፤ የሚጠየቀው ግን መዝገብ ሲኖር ነው። ያለሽበት ጭንቀት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ ላይ ስላሰረ እንፍታቸው።

የመጀመሪያው የመስኩ ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በነበረው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራቸው የቆመባቸው ብዙ ተማሪዎች ሥራው መቆሙን በጽሑፍ ሳያስመዘግቡ ቀርተዋል፤ ምክንያቱ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው ብለው ስላሰቡ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጉዳያቸውን የሚያየው ኮሚቴ ግን የሚያነበው ፋይላቸውን ነው። ስለዚህ የትኛው ወረዳ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንዳልተገባ፣ ስንት ጊዜ እንደሞከርሽና ከጉዞው ማን እንደመለሰሽ በቀን በቀኑ ጽፈሽ ለትምህርት ክፍሉ አስገቢ፤ የተቀበሉበትን ማኅተም ያለበት ቅጅም በእጅሽ አስቀሪ። በዩኒቨርሲቲሽ መመሪያ መሠረት ጊዜ ማራዘም ወይም ዊዝድሮዋል (ትምህርትን ለጊዜው ማቋረጥ) መጠየቅ የሚቻል ከሆነ የሚጠቅመው ጊዜው ከማለቁ በፊት የተጠየቀው ነው። ከዚያ ጎን ለጎን ጥያቄሽ በአንዱ ወረዳ ብቻ ሊመለስ ይችል እንደሆነ፣ ወይም ቀደም ሲል በተሰበሰበ የወረዳ ጽሕፈት ቤት መረጃ ሊደገፍ ይችል እንደሆነ በሁለት ገጽ ጻፊ። ንድፉን መቀየር መሸነፍ አይደለም፤ የተቀየረበትን ምክንያት በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ማስቀመጥ ብቻ ያስፈልጋል። ሕይወትሽን ለመጠይቅ ብለሽ አደጋ ላይ አትጣይ፤ ማንኛውም አማካሪ ይህን እንድታደርጊ ሊጠብቅ አይገባውም።

ሁለተኛው የአማካሪው ዝምታ ነው። ሠላሳ ገጽ ምዕራፍና አንድ የመስክ ችግር በአንድ ኢሜይል ሲመጣ፣ ብዙ ሥራ ያለበት ሰው «ጊዜ ሳገኝ አነበዋለሁ» ብሎ ያስቀምጠውና ይረሳዋል። ይህ ይቅርታ የሚያሰጥ ባይሆንም የተለመደ ነው። ስለዚህ ድጋሚ ስትጽፊ በአንድ ደቂቃ የሚመለስ ጥያቄ ይሁን፤ ለምሳሌ፦ «የተከበሩ ዶክተር፣ በኅዳር የላክሁልዎ ምዕራፍ እንደደረስዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሁሉ በፊት የእርስዎን ውሳኔ የሚፈልገው የጥናት ወረዳዎቹን ከሦስት ወደ አንድ መቀነሱ ነው፤ ሐሳቤን ከታች በአምስት መስመር አስቀምጫለሁ። በሚመጣው ሐሙስ ወይም ዓርብ ለአሥራ አምስት ደቂቃ በስልክ ቢያነጋግሩኝ እወዳለሁ።» ይህ የሚያስቆጣ ነገር የለውም። ለተባባሪ አማካሪሽም በግልባጭ ላኪው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተመለሰ ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ሄደሽ ክስ ሳታሰሚ፣ የላክሽባቸውን ቀኖች ብቻ አሳይተሽ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጊ ተናገሪ። አማካሪ መቀየር የመጨረሻው በር ነው፤ ይሁን እንጂ በር መሆኑን አትርሺ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ሦስት ወር ስትጠብቂ ሦስተኛውን ምዕራፍ ጀመርሽ? ካልጀመርሽ ዛሬ ጀምሪ፤ የአማካሪ መልስ የሚጠበቀው እየጻፉ ነው።

ጥያቄ ሦስት፤ ከፍኖተ ሰላም

«ባለቤቴ የዶክትሬት ትምህርቱን ከጀመረ ስድስተኛ ዓመቱ ነው። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ «መቼ ነው የሚመረቀው?» እያለ ይጠይቀኛል፤ እሱን ስጠይቀው ይቆጣል። አማካሪውን ራሴ ደውዬ ብጠይቅ ነውር ይሆናል?»

መልስ

እመቤቴ፣ ከእሱ ደብቀው አይደውሉ፤ ከጀርባው እንደተጠየቀ ሲሰማ በመካከላችሁም በእሱና በአማካሪው መካከልም ያለው እምነት ይላላል። «መቼ ትጨርሳለህ?» ለሚለው ጥያቄ ምናልባት እሱም መልስ የለውም፤ የሚያስቆጣውም ይኸው ይመስለኛል። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ «ዛሬ የጻፍኸውን አንዱን ገጽ አንብብልኝ» ይበሉት። ባይገባዎትም ይስሙት፤ ለሰው ጮክ ተብሎ የተነበበ ገጽ ለጸሐፊውም ይጠራለታል። የሚያነበው ገጽ ከሌለው ግን ይህን ያወቃችሁት ሁለታችሁም በአንድ ማታ ነው፤ በዚያን ጊዜ በድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቱ ያለው ቀሪ ጊዜ ስንት እንደሆነ፣ ምን ምን እንደጎደለውም አብራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ እርስዎ ከቢሮው ውጭ ወንበር ላይ ቢቀመጡም ይበቃል። ከዚህ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወና ከሰው መገናኘት ከጠላ ጉዳዩ ከመመረቂያ ጽሑፉ ይቀድማልና ጽሑፉን ለጊዜው ትተው ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ለጎረቤቶቹ ደግሞ «ሲደርስ እንጠራችኋለን» ይበሏቸው።